ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ አንብቡት

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ቤት መጣ። መገናኛ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች በአንዱ ያስጻፋት የዕቃ ዝርዝር ናት። ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቶ ኮምፒውተሩን ራሱ ሊገጣጥም አስቧል። «እስቲ እይልኝ፣ ነገ ልገዛ ነው» አለኝ።

ከላይ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ በትልልቁ ተጽፏል፤ ኮር አይ7 12700ኤፍ። ቀጥሎ ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ፣ አርቲኤክስ 3060። ከዚያ 16 ጊጋ ራም (ሥራ ላይ ያለውን ለጊዜው የሚይዝ)፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት)፣ ኤች610 ማዘርቦርድ (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ)። መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቷ ልታልቅ ስትል፣ በደቃቅ ጽሑፍ «ኬዝ ከነፓወሩ» ይላል።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያች ከመጨረሻዋ መስመር ነው። ይህን ጽሑፍም በዚያው ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ፕሮሰሰር ሲመርጥ ሰው ብዙ አይሳሳትም፤ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጎረቤትም ይጠይቀዋል። ዕቃ የሚያቃጥለው ስህተት ማንም ከማይጠይቀው ከወረቀቱ ግርጌ ነው ያለው። ዋጋ ግን አልጽፍም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ ጠዋት የተነገራችሁን ዋጋ ከሰዓት ላታገኙት ትችላላችሁ።

እሺ፣ ፓወር ሳፕላይ። ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ዕቃዎቹ ወደሚፈልጉት 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚቀይር የብረት ሳጥን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚበላው ከሱ እጅ ነው። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይበላሻል። ፓወር ሳፕላይ ሲበላሽ ግን ጎረቤት ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከኬዝ ጋር ተገጥሞ የሚመጣው ላዩ ላይ «500 ዋት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። እሱን እለፉትና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። 12 ቮልት የሚለው መስመር ሥር ስንት አምፒር ተጽፏል? ያን ቁጥር በ12 አባዙት። 18 አምፒር ካለ 18 × 12፣ 216 ዋት ነው። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚጠቀሙት ከዚህ መስመር ስለሆነ እውነተኛው አቅም ይኸው ነው። የቀረው ኮምፒውተሩ ብዙም የማይነካው የ5 እና የ3.3 ቮልት ድርሻ ነው፤ አንዳንዴም ዝም ብሎ ቀለም ነው። ደህናው ፓወር ሳፕላይ ላይ ግን የ12 ቮልቱ ብቻውን ሲባዛ ከጠቅላላው ዋት ጋር ይቀራረባል። ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ፤ በእጃችሁ መዝኑት። ውስጡ በቂ መዳብና ብረት ያለው ይከብዳል።

«80 ፕላስ» የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ ነጭ፣ ብሮንዝ፣ ጎልድ እያለ ይሄዳል። ብዙ ሰው የጥራት ማረጋገጫ ይመስለዋል። የሚለካው ግን አንድ ነገር ነው፤ ከግድግዳ ከተወሰደው ኤሌክትሪክ ስንቱ ለሥራ ይውላል፣ ስንቱስ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በግማሽ ጭነት ላይ ብሮንዝ 85 በመቶ፣ ጎልድ 90 በመቶ ማሳለፍ አለበት። ኤሌክትሪክ ሲዛባ ራሱን ዘግቶ ዕቃ ማዳኑን ምልክቱ አይነግራችሁም። ያም ሆኖ ምንም ምልክት የሌለውን እኔ አልገዛም።

ስንት ዋት ይበቃል? ለአክስቴ ልጅ ይህን ሒሳብ ሠራን። መጨረሻ ላይ የመረጥንለት ፕሮሰሰር ቢበዛ 117 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 170 ዋት። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለፋኖቹ 60 ብንይዝ 350 አካባቢ ነው። ግራፊክስ ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈው በላይ የመሳብ አመል ስላለው ትርፍ ይጨመርበታል። 550 ወይም 650 ዋት፣ ከታመነ ፋብሪካ። ሻጩ 850 ቢላችሁ አይጎዳም፣ ግን ብሩ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል።

ወደ ማዘርቦርዱ ከመሄዴ በፊት ስለ መብራት ጥቂት ልበል፤ የኛ አገር ነገር ነውና። ሰው የሚፈራው መብራት ሲሄድ ነው። ዕቃ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ሲመጣ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ፍሪጁንና ምጣዱን እንደሰካ ይቆያል፤ መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴ መጥቶ ወዲያው ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ሲመጣ ትንሽ ታግሳችሁ ሰኩት። ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ ተራው ምንም አይከላከልም። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ ግን መብራት ሲጠፋ አያቆያችሁም። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ የምትዘጉበትን ደቂቃዎች ይሰጣችኋል። እሱም ላይ የተጻፈው ቪኤ (ቮልት አምፒር) እንጂ ዋት አይደለም። 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው፤ ሞኒተር ሲጨመርበት ለኛ ልጅ አይበቃውም። ከ1,000 ቪኤ በላይ ይፈልጋል።

ኬዙን ስትነኩ ነዘር ያደርጋችኋል? «ኮምፒውተሬ ተበላሽቷል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜ አልተበላሸም። ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ረብሻን የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። በነሱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ብረት ይሾልካል። የቤቱ ሶኬት የግራውንድ ሽቦ ካለው ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለው የናንተን ጣት ይጠብቃል። መፍትሔው ያለው ኮምፒውተር ቤት ሳይሆን ኤሌክትሪሻን ጋ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ፓወሩን ልተወው። ሽቦዎቹ የሚነቃቀሉ ፓወር ሳፕላይ ከገዛችሁ የአንዱን ሽቦ ለሌላው አትጠቀሙ። መሰኪያው ልክ ሊገባ ይችላል፤ ውስጥ ያለው የሽቦ አሰላለፍ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ፓወር ገዝቼ «ሽቦው እኮ ያው ነው» ብዬ የድሮውን ተውኩት። የሦስት ዓመት ፎቶ የያዘ ሃርድ ዲስክ በአንድ ሰከንድ ሄደ። ሁለተኛው፣ ዘመድ ከአሜሪካ ካመጣላችሁ «100-240 ቮልት» የሚል መሆኑን አንብቡ። አሁን የሚሠሩት አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። የቆዩት ላይ ግን ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከሰካችሁት ጧ ይላል። በበኩሌ ለዘመድ የማዘው ቀላሉን ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ። ፓወርና ኬዝ ሻንጣ ይበላሉ። ዋስትናው እዚያው አሜሪካ እንደሚቀር ግን አትርሱ።

ኬዙን ስትመርጡ ፊቱን እዩ። መስታወት የተገጠመለት፣ ውስጡ መብራት የሚያብለጨልጭ ያምራል። አየር ግን በመስታወት አያልፍም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ያለ ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዩቲዩብ ላይ «ይህ ማቀዝቀዣ 65 ዲግሪ ላይ ያቆየዋል» የሚሉት ብዙዎቹ የለኩት ከኛ በጣም ዝቅ ባለ ቦታ ነው። እናንተ ጥቂት ዲግሪ ጨምሩበት። ስለዚህ ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከፊት አየር የሚያስገቡ ሁለት ፋኖች፣ ከኋላ የሚያስወጣ አንድ ያለው ምረጡ። ፊት ላይ ተነቅሎ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ካለው ደግሞ እሰየው፤ ከኮንስትራክሽን ሰፈር ላለ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። የግራፊክስ ካርዱን ርዝመትና የማቀዝቀዣውን ቁመት ከኬዙ መግለጫ ጋር አስተያዩ። በሁለት ሚሊሜትር የማይገባ ካርድ አይቻለሁ።

አሁን ማዘርቦርድ። እዚህ ጋ ነገሩ እንደ ጋብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ስም አለው፤ ከማይስማማው ጋር ጨርሶ አይገባም። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኤልጂኤ1700 የሚባለውን ይጋራሉ። አዲሶቹ ኮር አልትራ 200 ሌላ ሶኬት፣ ኤልጂኤ1851 ነው ያላቸው። በተፎካካሪው በኤኤምዲ በኩል ራይዘን እስከ 5000 ድረስ ያሉት ኤኤም4 ናቸው፣ ራማቸውም ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት። ከ7000 ጀምሮ ያሉት ኤኤም5 ሆነው ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላሉ። ኤልጂኤ1700 ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዱ ቦርድ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ይወስዳል፤ አንዳንዴ ስማቸው አንድ ሆኖ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች «ዲ4» ብቻ ናት። የሁለቱ ራም ቀዳዳ ቦታው ስለሚለያይ በግድ አይገባም። በግድ ሊያስገባ የሞከረ ሰው ግን አውቃለሁ።

የልጁ ወረቀት ላይ ያለው ኤች610 ከዚያ ሶኬት ቦርዶች ዝቅተኛው ነው። ኮር አይ7 12700ኤፍ ሲፈጥን እስከ 180 ዋት ይወስዳል። በርካሽ ኤች610 ቦርድ ላይ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርቡት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ሙቀት ማውጫ ብረት የላቸውም። ሲግሉ ቦርዱ ራሱ ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል። አይ7 ከፍለህ በአይ5 ፍጥነት ትሠራለህ ማለት ነው። ቢ660 ወይም ቢ760 ብዙ ጊዜ አራት የራም ቦታና የተሻለ የኤሌክትሪክ አቅርቦት አላቸው። በዜድ የሚጀምሩት ፕሮሰሰር ከልኩ በላይ ለሚያስሮጥ ሰው ናቸው፤ እለፏቸው። እንደ ኤች610ና ቢ660 ያሉት 600ዎቹ ቦርዶች ላይ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ልታስቀምጡ ከሆነ መጀመሪያ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) መታደሱን ሻጩን ጠይቁ። ካልታደሰ ኮምፒውተሩ ላይነሳ ይችላል፤ እናንተም ዕቃው የተበላሸ መስሏችሁ ትጨነቃላችሁ።

ኤስኤስዲው ላይ ልጁን ያሳመንኩት በሒሳብ ነው። ካሜራው 4ኬ ሲቀርጽ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋል። ለስምንት ሲካፈል 12.5 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋ። ሦስት ካሜራ አምስት አምስት ሰዓት ቢቀርጹ 675 ጊጋ ይሆናል። ይህ እንግዲህ ሰርጉ ብቻ ነው፤ መልሱ ገና አልመጣም። 512 ጊጋው አንዱን ሰርግ እንኳ አይችልም። ስለዚህ ዊንዶውስ ለሚቀመጥበት አንድ ትንሽ፣ ለሥራው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ኤስኤስዲ አንድ ባለ 2 ቴራ፣ ላለቀ ሥራ ማስቀመጫ ተራ ሃርድ ዲስክ። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ የቆየው ዓይነት ሳታ ኤስኤስዲ 550 አካባቢ፣ መካከለኛ ኤንቪኤምኢ 3,500። «ኤም ነጥብ ሁለት ነው» ሲሏችሁ ግን አትርኩ። ኤም ነጥብ ሁለት የቅርጹ ስም ነው። በዚያው ቅርጽ የሚሠራ ዘገምተኛ ሳታም አለ። ከገዛችሁ በኋላ ኤች2ቴስትደብሊው በሚባል ነጻ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሙሉት፤ 2 ቴራ ተብሎ ውስጡ ሩቡ ብቻ ያለው ፌክ ገበያ ላይ አለ።

ራም አጭር ነው። 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይሻላል። ለዚህ ልጅ ደግሞ ሁለት ባለ 16። ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ከራም ጋር ይነጋገራል፤ አንድ ፍሬ ብቻ ካስገባችሁ አንዱ መንገድ ባዶውን ይቀራል። ቦርዱ አራት ቦታ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይገባሉ። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ኤክስኤምፒ የምትለዋን አብሩ፤ አለዚያ በከፈላችሁበት ፍጥነት አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ቺፕ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ስላዞሩ ራም በጣም ተወድዷል። ያገለገለ ለመግዛት አትፍሩ፤ ራም ቶሎ አያረጅም። ሜምቴስት86 የሚባለውን መፈተሻ ፕሮግራም አንድ ሌሊት አሂዱበትና ስህተት ካላሳየ በቃ።

ግራፊክስ ካርድ ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለኢንተርኔት አያስፈልግም። እዚህ የማቆመው ሰው ብዙ ነው፤ ሻጮች አይወዱኝም። ለቪዲዮና ለጌም ግን ያስፈልጋል። 3060 የሚባለው ሁለት ዓይነት እንዳለ ልብ በሉ፤ ባለ 12 ጊጋና ባለ 8 ጊጋ። ባለ 8 ጊጋው ሜሞሪው ማነሱ ብቻ ሳይሆን የሜሞሪው መንገድም ጠባብ ነው። ያገለገለ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማይን መደረጉ (መመረቱ) ሲቆም ሌት ተቀን ሲነዱ የነበሩ ካርዶች ገበያውን እንዳጥለቀለቁት አስታውሱ። ሁሉም መጥፎ አይደሉም። ግን ሳትከፍሉ በፊት ሱቁ ውስጥ ከባድ ፕሮግራም ከፍታችሁ ለሃያ ደቂቃ አሂዱት። ሻጩ ቡና ይጋብዛችሁ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራምም ክፈቱ፤ የድሮ ካርድ አዲስ ስም ተለጥፎበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል።

በመጨረሻ ፕሮሰሰሩ፣ ልጁ የጀመረበት። 12700ኤፍ መጥፎ አይደለም፤ ፈጣን ነው። ችግሩ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤፍ» ናት። ኤፍ ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ግራፊክስ አይሠራም ማለት ነው። ለጌመር ምንም አይደል፤ ርካሽ ስለሆነ እኔም እመክረዋለሁ። ለሰርግ ቪዲዮ ሠሪ ግን ሌላ ነው። የዛሬ የሶኒና የካኖን ካሜራዎች 10 ቢት 4:2:2 በሚባል የታመቀ ኤች.265 መቅረጽ ይችላሉ። ቀለሙ ሲስተካከል ያምራል፣ ለመክፈት ግን ከባድ ነው። የኢንቴል ትንሹ ግራፊክስ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህን ፋይል የሚፈታ ክፍል አለው። የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ይህን የጨመሩት በ50ዎቹ ተከታታይ ነው፤ 3060 የለውም። ስለዚህ ልጁ በዚያ ውድ አይ7፣ ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ፋይሉን ሲጎትት ሸክሙ ሁሉ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ላይ ይወድቃል፣ ምስሉም እየተንገዳገደ ይሄዳል። ኤፍ የሌለበት ኮር አይ5 12500 በዚህ ሥራ ይበልጠዋል። ዋጋው ያንሳል፣ ኤሌክትሪክ ያንሳል፣ ሙቀቱም ያንሳል። ግን ባዮስ ላይ ትንሹ ግራፊክስ ከካርዱ ጋር አብሮ እንዲበራ ማድረግ አለበት።

ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ፣ በተለይ አይ7ና አይ9 ካገኛችሁ ጠይቁ። ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው ቀስ በቀስ የሚጎዱ ሆነው ተገኝተው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ማስተካከያ አወጣ። ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል፣ የተጎዳውን ግን አያድንም። በጣም የቆየ ርካሽ ፕሮሰሰር ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይቀበለው ይችላል፤ በኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ፣ በራይዘን ከ2000 ወዲህ ያሉትን ፈልጉ። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አብቅቷል።

ወረቀቷን ገልብጠን ከኋላዋ አዲስ ዝርዝር ጻፍን። 12500፣ ቢ660፣ 32 ጊጋ ራም በሁለት ፍሬ፣ ያው 3060 ባለ 12፣ ዲስኮቹ፣ 650 ዋት ብሮንዝ ፓወር። ከአይ7 የተረፈው ብር ለራሙና ለፓወሩ ሄደ። ለዲስኮቹ ግን ጨመረ፤ አንድ ሰርግ ሠርቶ እንደሚመልሰው ነገረኝ።

በማግስቱ ከሱቁ ደወለ። «ኬዙ ያለ ፓወር አይሸጥም ይላሉ፣ ምን ላድርግ?»

«ፓወሩን አስፈትተህ ለብቻው ይዘኸው ና» አልኩት።

አሁን እኔ ቤት አለ። የሳሎኑን በር ላስደግፍበት ብዬ ሞከርኩት። ንፋስ በመጣ ቁጥር በሩ እየገፋው ይሄዳል።